«ሲ» መቼ «ስ»፣ መቼ «ክ» ትሆናለች?

የእንግሊዝኛ ቃል ስታነቡ «ሲ» የተባለችው ፊደል አንዴ «ስ»፣ አንዴ «ክ» እየሆነች ካስቸገረቻችሁ፣ ዓይናችሁን ከእርሷ አንሱና ተከታይዋን ፊደል ተመልከቱ። ተከታይዋ «ኢ»፣ «አይ» ወይም «ዋይ» ከሆነች ድምፁ «ስ» ነው፤ ሌላ ከሆነች «ክ»። «ሰርከስ» ሁለቱንም ይዟል፦ የመጀመሪያዋን «አይ»፣ ሁለተኛዋን «ዩ» ይከተላቸዋል። ደንቡ ለ«ጂ»ም ይሠራል። በ«ጂኦግራፊ» ውስጥ የመጀመሪያዋ ከ«ኢ» በፊት ስለመጣች «ጅ»፣ ሁለተኛዋ ከ«አር» በፊት ስለመጣች «ግ» ሆናለች።

ምክንያቱ ምላሳችን ነው። በጥንቱ ላቲን «ሲ» «ክ» ነበረች፤ ዛሬ ሲሰሮ የምንለው ሮማዊ በዘመኑ «ኪኬሮ» ተብሎ ይጠራ ነበር። እንደ «ኢ» ያሉ አናባቢዎች ግን ምላስን ወደ ፊት ስለሚስቡ፣ ከፊታቸው ያለው ተነባቢ በዘመናት ውስጥ ተለወጠ። በአማርኛችንም «ሂድ» «ሂጂ»፣ «ክፈት» «ክፈቺ» የሚሆኑት በተመሳሳይ ጉተታ ነው። ይህን ዝምድና ካስተዋልኩ ወዲህ ደንቡን ረስቼው አላውቅም። «ጂ» ራሷም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በ«ሲ» ላይ ጭረት ተጨምሮ የተፈጠረች ፊደል ናት።

«ሲ» ከ«ኤች» ጋር ስትጣመር ደንቡን ተዉት። «ጂ»ንም በሙሉ ልብ አትመኗት፤ እንግሊዝኛ ከጀርመናዊ ሥሩ የወረሳቸው እንደ «ጊቭ» እና «ጌት» ያሉ የዕለት ተዕለት ቃላት «ግ»ን እንደያዙ ቀርተዋል።