ከኋላ ወንበር የሚነበብ ቻርት፦ የኤክሴል ሌብሎችን በአማርኛ ማስተካከል

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ የግብርና ሪፖርት አዘጋጃለሁ። የምሠራቸው ቻርቶች ሁለት ቦታ ይደርሳሉ፤ አንድም በፕሮጀክተር አዳራሽ ግድግዳ ላይ፣ አንድም ፎቶ ኮፒ ተደርገው በየወረዳው ባለሙያ እጅ። ኤክሴል በራሱ የሚያወጣው ጽሑፍ ለሁለቱም አይሆንም። ያንሳል፣ ያጋድላል፣ ቀለም ካልታየም ትርጉም ያጣል። የወረዳው ሰው የወረዳውን ስም ፈልጎ ካላገኘ ቻርቱ ለእሱ አልተሠራም ማለት ነው። ስለዚህ ስለ ቀለሙና ስለ ቅርጹ ከማሰባችሁ በፊት ጽሑፉን አስተካክሉ።

ከስሞቹ እንጀምር። ሁለት እጁ እነሴ፣ እነብሴ ሳር ምድር፣ እናርጅ እናውጋ፣ ሸበል በረንታ፤ የእኛ ወረዳዎች ስም ረጅም ነው። ቋሚ ባር ባለው ቻርት ሥር ሲደረደሩ ኤክሴል ቦታ ሲያጣ ያጋድላቸዋል፤ አንባቢውም አንገቱን ያጋድላል። መፍትሔው ባሩን ማጋደም ነው። ቻርቱ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉ፣ «ቼንጅ ቻርት ታይፕ» ግቡ፣ «ክላስተርድ ባር» ምረጡ። ስሞቹ በግራ በኩል ቀጥ ብለው ይሰለፋሉ። አሁን ግን ሠንጠረዡ ላይ አንደኛ የነበረው ወረዳ ታች ወርዶ ታገኙታላችሁ። ስሞቹን ጠቅ አድርጋችሁ ኮንትሮልና 1ን አንድ ላይ ተጫኑ፤ በሚከፈተው ሳጥን «ካቴጎሪስ ኢን ሪቨርስ ኦርደር» የሚለው ላይ ምልክት ስታደርጉ ቅደም ተከተሉ ይመለሳል። የቁጥሮቹ መስመር ወደ ላይ ይወጣል፤ አትጨነቁ፣ ትንሽ ቆይተን እናጠፋዋለን።

የግድ ቋሚ ባር ካስፈለገ ሠንጠረዡ ውስጥ ስሙን ለሁለት ክፈሉት። ሴሉ ውስጥ ገብታችሁ «ሁለት እጁ» ካላችሁ በኋላ አልትና ኢንተር ተጫኑ፣ «እነሴ»ን ከታች ጻፉ። ቻርቱም ስሙን በሁለት መስመር ያወጣዋል።

ፎንት፦ የቻርቱን ባዶ ጠርዝ ጠቅ አድርጋችሁ ሙሉው ሲመረጥ፣ ከ«ሆም» ላይ የምትመርጡት ፎንት ለርዕሱም ለሌብሉም (ቻርቱ ላይ ለሚታዩት ስሞችና ቁጥሮች) ይሠራል። ፋይሉ ወደ ሌላ ቢሮ የሚሄድ ከሆነ ኤብሪማን እመርጣለሁ፤ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ የግዕዝ ፊደልን ይዞ አብሮ ይመጣል። ኒያላ መልኩ ደስ ይላል፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ለብቻው ካልተጫነ ላይገኝ ይችላል። ከዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች ከሚጋሩት የፊደል አሠራር) በፊት በነበሩት የድሮ ፎንቶች የተጻፈ ስም ካለ ፎንት በመቀየር አይድንም፣ እንደገና ጻፉት።

መጠኑን ቸል አትበሉ። አዲሶቹ ኤክሴሎች ለአክሲስ (ለስሞቹና ለቁጥሮቹ መስመር) ጽሑፍ የሚሰጡት መጠን 9 ነው። የእኛ ፊደል ግን «በ»ን ከ«ቡ»፣ «ለ»ን ከ«ሉ» የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ነው፤ 9 ላይ ፎቶ ኮፒው ቅጥያውን ይበላዋል። ለወረቀት ከ11 አታውርዱ፣ ለፕሮጀክተር 18 ስጡ። ቦልድ ደግሞ ፊደሉን ይደፍነዋልና ለርዕሱ ብቻ ይሁን።

ወደ ቁጥሮቹ ስንመጣ፣ ባሮቹን ጠቅ አድርጋችሁ በቻርቱ ጎን ከምትታየው የመደመር ምልክት «ዳታ ሌብልስ» ምረጡ። ቁጥሩ ባሩ ጫፍ ላይ ከወጣ የቁጥሮቹ መስመርና ከኋላ ያሉት ስስ መስመሮች ሥራ የላቸውም፤ አንድ በአንድ መርጣችሁ ዲሊት በሉ። «486,300» ከአዳራሹ ኋላ ለተቀመጠ ሰው ብዙ ነው (ቁጥሩ ለማሳያ ነው)። ሌብሉን መርጣችሁ ኮንትሮልና 1፣ ከዚያ «ነምበር»፣ ከዚያ «ፎርማት ኮድ» ላይ ይህን ጻፉና «አድ» በሉ፦

0.0," ሺህ"

ከዜሮው በኋላ ያለችው ኮማ ቁጥሩን ለሺህ ታካፍላለች፤ «486.3 ሺህ» ይወጣል። ሁለት ኮማ ብታደርጉ ለሚሊዮን ነው፤ ያኔ ቃሉንም ቀይሩት። ሠንጠረዡ ውስጥ ያለው ትክክለኛ ቁጥር አይነካም። ምንም ያላመረቱ ወረዳዎች ላይ «0.0 ሺህ» እየተደረደረ ካስቸገረ ኮዱ መጨረሻ ላይ ሦስት ሴሚኮለን (;;;) ጨምሩ፤ ዜሮው ይጠፋል።

አሁን ወደ ሌጀንዱ። ከቻርቱ ጎን ወይም ሥር በቀለም የሚለየውን ማብራሪያ ማለቴ ነው። በተለይ ምርትን በባር ሳይሆን በመስመር በሚያሳይ ቻርት ላይ እኔ አጠፋዋለሁ። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ሰማያዊውም ብርቱካንማውም ግራጫ ይሆናል፣ የትኛው መስመር ጤፍ የትኛው ስንዴ እንደሆነ ማንም አይለይም። ስሙን መስመሩ ጫፍ ላይ ጻፉት። መስመሩን አንዴ ጠቅ ስታደርጉ ሙሉው ይመረጣል፤ የመጨረሻዋን ነጥብ ደግማችሁ ጠቅ ስታደርጉ እሷ ብቻ ትመረጣለች። ራይት ክሊክ፣ «አድ ዳታ ሌብል»። ከዚያ ሌብሉን መርጣችሁ በኮንትሮልና 1 «ሲሪስ ኔም» ላይ ምልክት አድርጉ፣ ከ«ቫልዩ» ላይ አንሱ፣ ቦታውን «ራይት» በሉት። ለሌሎቹም መስመሮች ይህንኑ ድገሙና ሌጀንዱን አጥፉ። የመስመሮቹን ሜዳ ከቀኝ ወደ ግራ ሰብሰብ ካላደረጋችሁት ግን ስሙ ቦታ ያጣል። ሁለት መስመሮች ጫፋቸው ከተጠጋጋ አንዱን ስም በማውስ ወደ ላይ ጎተት አድርጉት። አንድ ነገር አስታውሱ፦ በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ቁጥር ስትጨምሩ ስሙ በአሮጌዋ ነጥብ ላይ ይቀራል። አጥፍታችሁ አዲሷ ላይ እንደገና ማድረግ አለባችሁ።

ዓመተ ምሕረትም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። 2013፣ 2014፣ 2015 ብላችሁ በቁጥር ስትጽፉ ኤክሴል እንደ ምርት ቆጥሮ የራሱ መስመር ሊያወጣለት ይችላል። «2015 ዓ.ም.» ብላችሁ ጻፉት፤ ጽሑፍ ስለሚሆን ሥር ይሰለፋል። የበጀት ዓመቱን ወሮችም ከሐምሌ እስከ ሰኔ በስማቸው ጻፉ እንጂ ወደ ፈረንጅ ቀን አትለውጧቸው።

ርዕሱን በየዓመቱ ከመጻፍ ከሴል ጋር ማያያዝ ይሻላል። ርዕሱን ጠቅ አድርጋችሁ ላይ በፎርሙላው መስመር የእኩል ምልክት ጻፉ፣ ርዕሱ ያለበትን ሴል ጠቅ አድርጉ፣ ኢንተር። ርዕሱ ውስጥ መለኪያው ይኑር፤ «የመኸር ጤፍ ምርት በወረዳ፣ በኩንታል»። ኩንታል የሚለው ከርዕሱ ከጠፋ ሌላው ሰው በሄክታር ሊያነበው ይችላል።

ወደ ወርድ ስታሻግሩት በ«ፔስት ስፔሻል» እንደ ሥዕል ለጥፉት። ተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ባይኖርም ጽሑፉ አይበላሽም።