ከፒርሰን ኤርፖርት እስከ ቶሮንቶ መሃል ከተማ በአውቶቡስ፦ ከጅማ ለምትነሱ

ከጅማ አንድ ሰው ወደ ቶሮንቶ ሊሄድ ሲል ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ማን ይቀበለዋል?» ነው። እናት ዘመድ ታፈላልጋለች። አጎት የድሮ ጓደኛውን ስልክ ያወጣል። እንደምንም አንድ ሰው ይገኛል። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ግን ሰውየው ፈረቃ ላይ እያለ ነው። ይሉኝታ ይይዘውና «ችግር የለም፣ እመጣለሁ» ይላል። እዚያ ከፈረቃ መቅረት የቀን ገቢ ማጣት ነው። ሥራውን በቅርቡ የጀመረ ከሆነ ደግሞ ጣጣው ከዚያም ሊብስ ይችላል።

ተቀባይ ካላችሁ እሰየው። ከሌላችሁ ግን የሰው መንገድ እያያችሁ ኤርፖርት መቀመጥ የለባችሁም። ከፒርሰን ኤርፖርት መሃል ከተማ ወዳለው ሆቴል በሕዝብ አውቶቡስና ሰብዌይ በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር መግባት ይቻላል። ለአዋቂ ዋጋው 3 የካናዳ ዶላር ከ35 ሳንቲም ነው፤ በካርድ ሲከፈል ደግሞ 5 ሳንቲም ይቀንሳል። ዋናው ዝግጅት የሚያልቀው ደግሞ እዚሁ ጅማ፣ ሻንጣው ሳይዘጋ ነው።

አድራሻው

ጅማ ውስጥ ሆቴል ለመጠቆም አድራሻ የሚጽፍ የለም። «ፈረንጅ አራዳ ደርሰህ ጠይቅ» ከተባለ በቂ ነው፤ ባጃጁ ራሱ በር ላይ ያደርሳል። ቶሮንቶ ላይ ይህ አይሠራም። የሆቴሉ ስም ብቻውን እንኳ አይበቃም። ትልልቆቹ የሆቴል ድርጅቶች በአንድ ስም አንዱን ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ሌላውን መሃል ከተማ ይከፍታሉ። በመካከላቸው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ኢንተርኔት ላይ ረከስ ብሎ የሚታየው ብዙ ጊዜ የኤርፖርቱ ነው፤ ፎቶው ላይ ደግሞ የከተማው ረጃጅም ፎቆች ይደረደራሉ።

መለያው ፖስታ ኮዱ ነው። የሆቴላችሁ አድራሻ መጨረሻ ላይ ያለው ኮድ «ኤም 5» ብሎ ከጀመረ መሃል ከተማ ነው። «ኤም 9» ካለ ከከተማው ምዕራብ ጫፍ፣ ወደ ኤርፖርቱ በኩል ነው። በ«ኤል» ከጀመረ ደግሞ ከቶሮንቶ ውጭ፣ ለምሳሌ ሚሲሳጋ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ክፍሉን ከመያዛችሁ በፊት ይህችን አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር እዩ።

ሌላም አለ። ከተማውን ለሁለት የሚከፍለው ያንግ የሚባል መንገድ ነው። አቋርጠውት የሚያልፉት ትልልቅ መንገዶች ከእሱ በምሥራቅ ያለው ክፍላቸው «ኢስት»፣ በምዕራብ ያለው «ዌስት» ይባላል። የቤት ቁጥሩም ከያንግ ይጀምርና በሁለቱም አቅጣጫ እያደገ ይሄዳል። ስለዚህ ኪንግ ስትሪት ኢስት 200 እና ኪንግ ስትሪት ዌስት 200 ፊትና ኋላ ናቸው። ያቺን «ዌስት» ወይም «ኢስት» የምትለዋን ቃል የዘነጋ ሰው ሻንጣ እየጎተተ ብዙ ይሄዳል።

አድራሻውን፣ ለሆቴሉ ቅርብ የሆነውን የሰብዌይ ጣቢያ ስምና የሆቴሉን ስልክ በእንግሊዝኛ በወረቀት ጻፉ። በስልክም ስክሪንሹት አድርጉት። ኤርፖርቱ ነፃ ዋይፋይ አለው፤ በሩን ወጥታችሁ አውቶቡስ ውስጥ ስትገቡ ግን ሲም ካርድ ከሌላችሁ ካርታውም አብሮ ይጠፋል። ወረቀት ባትሪ አይጨርስም።

ገንዘቡ

አውቶቡሱ ላይ ረዳት የለም። «ሂሳብ!» የሚል፣ መንገድ ላይ ሰብስቦ መልስ የሚሰጥ ሰው አትጠብቁ። ክፍያው እንደገባችሁ በፊት በር፣ ሹፌሩ አጠገብ ነው።

የሚቀለው መንገድ ንክኪ የሚቀበል ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ማሽኑ ላይ ማስነካት ነው። የከተማው ትራንስፖርት፣ ቲቲሲ የሚሉት፣ ከ2023 ነሐሴ ወር ጀምሮ የባንክ ካርድ ይቀበላል። ካርዳችሁ ውጭ አገር የሚሠራ መሆኑን ግን ከባንካችሁ አረጋግጡ። አገር ውስጥ ብቻ የሚያገለግል ካርድ ይዞ የሚሄድ ብዙ ነው። የከተማው የራሱ ካርድ ፕሬስቶ ይባላል። ለመቆየት የሄደ ሰው ውሎ አድሮ መግዛቱ አይቀርም። አንደኛ ተርሚናል ውስጥ፣ ወደ መሃል ከተማ ከሚሄደው የዩፒ ኤክስፕረስ ባቡር ጣቢያ ማሽን ላይ ይገኛል፤ አውቶቡሱ በሚያደርሳችሁ ኪፕሊንግ በተባለው የሰብዌይ ጣቢያም አለ።

በካርድ ከከፈላችሁ ያ አንድ ክፍያ ለ2 ሰዓት ያገለግላል። ከአውቶቡስ ወደ ሰብዌይ ብትቀይሩ እንደገና አትከፍሉም። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በአንድ ካርድ ለሁለት ሰው መክፈል አይቻልም። ማሽኑ ሁለተኛውን ንክኪ የዚያው ሰው ዝውውር ነው ብሎ ይቆጥረዋል፤ ጓደኛችሁ ሳይከፍል እንደገባ ይሆናል። ተቆጣጣሪ ካገኘው ቅጣቱ ከ200 ዶላር በላይ ነው። ባልና ሚስት ሁለት ካርድ ይያዙ። ዕድሜያቸው 12 እና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች በነፃ ይሄዳሉ።

ካርድ ከሌለ ጥሬ ገንዘብ ይሆናል። ይዛችሁት የመጣችሁት ምናልባት የአሜሪካ ዶላር ነው። ኤርፖርቱ ውስጥ ያሉት መንዛሪዎች ዋጋቸው አያዋጣም፤ ለመጀመሪያው ቀን የሚሆን ትንሽ ብቻ መንዝሩ። ከዚያ ውኃም ቡናም ግዙና ዝርዝር ያዙ። አውቶቡሱ መልስ አይሰጥም። 20 ዶላር ብትሰጡ 20ውም ሄደ ማለት ነው። የሚያስፈልጋችሁ አራት ሳንቲም ነው፦ ቱኒ የሚሉት የሁለት ዶላር፣ ሉኒ የሚሉት የአንድ ዶላር፣ አንድ የ25 እና አንድ የ10 ሳንቲም። የ10 ሳንቲሙ ከ5 ሳንቲሙ ያንሳል፤ በመጠን እንዳትሸወዱ። በጥሬ ገንዘብ ስትከፍሉ ሹፌሩን «ትራንስፈር» በሉት። የሚሰጣችሁን ቁራጭ ወረቀት ሆቴል እስክትደርሱ አትጣሉ።

ስታርፉ

ለትምህርት የሚሄድ ሰው የትምህርት ፈቃዱ ታትሞ የሚሰጠው እዚያው ኤርፖርት፣ ኢሚግሬሽን ቢሮ ነው። ሰልፉ ረጅም ሊሆን ይችላል። ከዩኒቨርሲቲው የመጣላችሁን የቅበላ ደብዳቤና የመግቢያ ደብዳቤውን በእጅ ሻንጣ ያዙ፤ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከከተታችሁት በዚያ ሰዓት አታገኙትም። ፈቃዱን ስትቀበሉ ስማችሁንና የሚያበቃበትን ቀን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። በቋሚ ነዋሪነት የሚገቡትም በዚያው ቢሮ ያልፋሉ።

ከምግብ የያዛችሁትን ሁሉ አስመዝግቡ። በርበሬም ሆነ በሶ ቢሆን መናገር አያሳፍርም፤ ደብቆ መገኘት ነው የሚያስቀጣው። ቋንታ ግን እዚሁ ብሉት። እናቶቻችን ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል፤ ሥጋ ነክ ነገር ጉምሩኩ ላይ እንደሚቀር ከወዲሁ ይነገራቸው።

ሻንጣ ይዛችሁ ስትወጡ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ «ታክሲ?» ሊላችሁ ይችላል። ፈቃድ የሌላቸው ሹፌሮች አዲስ ሰው የሚፈልጉት እዚያው መውጫው ላይ ነው። አመስግናችሁ እለፉ። ፈቃድ ያለው ታክሲ ውጭ ተራውን ይዞ ይቆማል እንጂ ሰው ፍለጋ አዳራሽ ውስጥ አይዞርም።

አውቶቡሱ ቁጥር 900 ነው። ፊቱ ላይ «ኤርፖርት ኤክስፕረስ» እና «ኪፕሊንግ» የሚል ይጻፍበታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው አንደኛው ተርሚናል ነው። እዚያ አውቶቡሱ የሚገኘው ከመድረሻ አዳራሹ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ በምድር ወለሉ በኩል ነው። ሦስተኛው ተርሚናል ያረፈ ሰው በመድረሻው ፎቅ ይወጣል። ሁለቱን ተርሚናል የሚያገናኝ ነፃ ባቡርም አለ። ሌሎች አውቶቡሶችም እዚያው ይቆማሉ፤ አንዳንዱ ወደ ሚሲሳጋ፣ አንዳንዱ ወደ ሰሜን ይሄዳል። መጀመሪያ የመጣ ላይ ዘሎ መግባት የመናኸሪያ ልማድ ነው፣ እዚያ ተዉት። ቁጥሩን አንብቡ።

ቀን ላይ 900 ቶሎ ቶሎ ይመጣል። መንገዱ ካልተዘጋጋ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ኪፕሊንግ ያደርሳል። ኪፕሊንግ መጨረሻው ስለሆነ የት ልውረድ ብላችሁ አትጨነቁ፤ ሁሉም ሲወርድ ውረዱ።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ለምትሄዱ፦ ፌርማታው ውጭ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ይወርዳል። የጅማ የሐምሌ ብርድ ለዚህ ልምምድ አይሆንም። ጃኬት፣ ጓንትና ኮፍያ በእጅ ይያዙ። እነሱን ከሻንጣ ለማውጣት ኤርፖርት ወለል ላይ ሻንጣ የሚፈታ ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም፤ ከላይ የሚወጣው ደግሞ ሁሌ በሶው ነው።

ከኪፕሊንግ በኋላ

ኪፕሊንግ የሰብዌዩ ሁለተኛ መስመር ምዕራባዊ ጫፍ ነው። ከዚያ የሚነሳው ባቡር ሁሉ የሚሄደው ወደ ምሥራቅ ነው። ስለዚህ በተቃራኒው አቅጣጫ የመሳፈር ስጋት የለም። አሳንሰር አለ፤ ሻንጣ ይዛችሁ ደረጃ ላይ አትታገሉ።

መሃል ከተማ ለሚወርዱ መቀየሪያው ሴንት ጆርጅ ነው። እዚያ ወርዳችሁ ወደ ላይኛው መድረክ፣ ወደ አንደኛው መስመር ውጡ። «ሳውዝባውንድ» የሚለውን፣ ማለትም ወደ ዩኒየን የሚሄደውን ያዙ። ከዚያ ጣቢያዎቹ በቅደም ተከተል ሙዚየም፣ ኩዊንስ ፓርክ፣ ሴንት ፓትሪክ፣ ኦስጉድ፣ ሴንት አንድሪው፣ ዩኒየን ናቸው። ከመጨረሻዎቹ በአንዱ አቅራቢያ ብዙ ሆቴል አለ። ዩኒየን በዋናው በር ስትወጡ ፊት ለፊት የምታዩት ትልቅ አሮጌ ሕንጻ ሮያል ዮርክ ሆቴል ነው። እሱ ውድ ነው፤ ለምልክት ግን ይጠቅማል። ሆቴላችሁ በያንግ ስትሪት በኩል፣ ለምሳሌ ኩዊን ወይም ኮሌጅ ጣቢያ አጠገብ ከሆነ ሴንት ጆርጅን አልፋችሁ ብሎር ያንግ ላይ ቀይሩ።

ጠቅላላ ጉዞው ከመጠበቂያው ጋር ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። የቸኮለ ሰው ዩፒ ኤክስፕረስን ይያዝ። ከአንደኛው ተርሚናል ዩኒየን በ25 ደቂቃ ያደርሳል፤ ዋጋው በጥሬ ገንዘብ ከ12 ዶላር በላይ ነው። ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ለያዘ ብቸኛ ተጓዥ እኔ ብሆን ይህን እመርጥለታለሁ። ሕፃን ልጅ ያላት እናት ወይም ሌሊት የምትደርስ ቤተሰብ ደግሞ ታክሲ ብትይዝ ገንዘቡ አይቆጭም። አውቶቡሱ የሚያዋጣው ቀን ለሚያርፍ፣ አንድ ሻንጣ ለያዘ፣ ካርታ ማንበብ ለማይፈራ ነው።

ሰብዌዩ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ይዘጋል፤ በእነሱ አቆጣጠር አንድ ተኩል ኤ.ኤም ማለት ነው። እሑድ ጠዋት ዘግይቶ ይከፈታል። በዚያ መሃል ቁጥር 300 የሌሊት አውቶቡስ ኤርፖርቱን ከብሎር መንገድ ጋር ያገናኛል። እግረ መንገዴን፣ የሰዓት ነገር ስታነቡ ሁሌ ስድስት ሰዓት ማስላቱን አትርሱ፤ የጅማን ሰዓት በልባችሁ ይዛችሁ ቲኬት የምታነቡ ብዙ ናችሁ።

ሆቴል ስትደርሱ ከፓስፖርት ሌላ ክሬዲት ካርድ ይጠይቃሉ፤ ለመያዣ የሚሆን ተጨማሪ ገንዘብም ይይዛሉ። ጥሬ ገንዘብ ይቀበሉ እንደሆነ ክፍሉን ስትይዙ በኢሜይል ጠይቁ፤ መልሱን አስቀምጡት። ክፍል የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ከደረሳችሁ ሻንጣችሁን አስቀምጡልኝ በሉና ውጡ።

መሄጃ ካጣችሁ ወደ ሁለተኛው መስመር ተመለሱና በምሥራቅ በኩል ግሪንዉድ ጣቢያ ውረዱ። ወደ ዳንፎርዝ መንገድ ወጥታችሁ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ስትሄዱ የአማርኛ ጽሑፍ በሱቅ ላይ ታያላችሁ፤ እንጀራውም እዚያው ነው። ቤት የሚከራይበትን፣ ሲም የሚረክስበትን፣ ሥራ ያለበትን የሚያውቅ ሰው የሚገኘውም እዚያ ምሳ ሲበላ ነው።