ለሚያናድድ መልእክት ከመመለሳችሁ በፊት ሆዳችሁን ጠይቁ

የአለቃ አጭር «እሺ» ከምሳ በፊት ስድብ ትመስላለች፤ ከምሳ በኋላ ግን ያቺው ተራ «እሺ» ናት። ትኩረት የጎደለንን ነገር ይከተላል። የራበው ሰው ዓይን ምግብ ላይ ቶሎ ያርፋል፤ ብቸኝነት የተጫነው ደግሞ የጠቆረ ፊትን፣ «አንብቦ ዘጋኝ» የሚያሰኘውን ቀድሞ ያያል።

የባሰው ግን እንቅልፍ ማጣት ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣ የአንጎል ምስል ጥናት፣ ሌሊቱን ሳይተኙ ያደሩ ወጣቶች የሚረብሹ ሥዕሎች ሲያዩ አሚግዳላ የተባለው፣ እንደ ፍርሃት ያለ ስሜትን የሚቀሰቅሰው የአንጎል ክፍላቸው ከተኙት 60 በመቶ ያህል በልጦ ተቀስቅሷል። ልጓም ከሚይዘው የፊተኛው አንጎል ጋር ያለው ግንኙነትም ላልቶ ነበር።

ስለዚህ መልሱን ጻፉት፣ አትላኩት። የተቀባዩን ስም ባዶ ተዉት፤ ጣት ያመልጣል። ከበላችሁ 4 ወይም 5 ሰዓት ካለፈ ቀምሳችሁ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ሌሊቱን በቅጡ ካልተኛችሁ ለነገ ጠዋት አሳድሩት፤ ቡና እንቅልፍን ይገፋል እንጂ አይተካም። ብቸኝነት ከሆነ ለሚቀርባችሁ ሰው ደውሉና ድምፅ ስሙ።

ጠግባችሁና ተኝታችሁም ካበገናችሁ ነገሩ ሌላ ነው፤ ምናልባት በእርግጥም ክብራችሁ ተነክቷል። ምግብና እንቅልፍን ከታች፣ ክብርን ከላይ የሚደረድረው የሥነ ልቦና ሊቁ የማስሎው የፍላጎት እርከን እንደ ፎቅ ደረጃ ተራ የሚጠብቅ አይደለም፣ የጠገበም የራበውም ሰው ክብሩ ይነካል። ያኔ የተነካውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ እሱን ብቻ መልሱ።

በጾም ሰሞን ከባድ ውይይት ካለባችሁ ቀጠሮውን ከ9 ሰዓት በኋላ፣ ከተበላ በኋላ አድርጉት።