ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዴ ሳይደርስ ሥራ የጀመርኩበት መንገድ

በዲቪ መጥቼ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አክስቴ ቤት አረፍኩ። ሥራ ቶሎ ተገኘልኝ፤ ቀጣሪው ግን «የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድህን ሳታመጣ መጀመር አትችልም» አለኝ፤ ለደመወዝና ለግብር የሚያስፈልገው የግል ቁጥር ያለበት የአሜሪካ መንግሥት ካርድ ማለት ነው። የቪዛ ቅጹን ስሞላ ካርዱ እንዲላክልኝ ጠይቄ ስለነበር በ3 ሳምንት ገደማ በፖስታ ይደርሳል ብዬ ጠበቅሁ። 5 ሳምንት አለፈ። በየቀኑ ሳጥኑን እከፍታለሁ፣ የለም። ተስፋ የሚያስቆርጥ ጊዜ ነበር።

አንድ ቀን ፖስተኛዋን ጠብቄ ጠየቅኋት። የፖስታ ሳጥኑ ላይ ያለው የአክስቴ ስም ብቻ ስለሆነ በሌላ ስም የመጣ ደብዳቤ ሊመለስ እንደሚችል ነገረችኝ። እዚያው ስሜን ጽፌ ከአክስቴ ስም ሥር ለጠፍኩ። አዲስ የምትመጡ፣ እባካችሁ ይህን የገባችሁ ዕለት አድርጉት። ከዚያ ፓስፖርቴን ይዤ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄድኩና ኤስኤስ-5 የሚባለውን ቅጽ ሞላሁ፤ ክፍያ የለውም። ስሜን ቪዛው ላይ እንዳለው፣ የአያቴን ስም በመጨረሻ አድርጌ ነው የጻፍኩት።

ሥራውን ያስጀመረኝ ግን ካርዱ አይደለም። የኢሚግራንት ቪዛ ስንገባ ማኅተም ከተመታበት በኋላ ለ1 ዓመት በግሪን ካርድ ፈንታ ያገለግላል፤ ቪዛው ላይ ራሱ ተጽፏል። ቀጣሪዎች ሠራተኛው አሜሪካ ውስጥ መሥራት እንደሚፈቀድለት ለማረጋገጥ የሚሞሉት የአይ-9 ቅጽ ደግሞ ከዝርዝሩ የትኛውን ሰነድ እንደሚያቀርብ የሚመርጠው ሠራተኛው እንደሆነ ይናገራል፤ ይህ ማኅተም የተመታበት ቪዛ ያለበት ፓስፖርት ብቻውን ይበቃል። ዝርዝሩን አትሜ፣ መስመሩን አስምሬበት፣ ለቀጣሪው በትሕትና አሳየሁት። አነበበውና ተቀበለኝ።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። ካርዱ ሲደርሰኝ ቁጥሩን ለደመወዝ ክፍሉ ሰጠሁ።