የሚያስቅ የፍቅር ግጥም ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ፍቅርና ስለ ዕለት ኑሮ የሚያስቅ ግጥም የሚጽፉ ወጣቶች በዝተዋል። ቲክቶክ ላይ፣ ቴሌግራም ላይ፣ ሠርግ ቤት፣ የግጥም ምሽት ላይ እንሰማቸዋለን። ደስ ይላል። ችግሩ ብዙዎቹ "ቀልድ አይደል፣ ምን ያቅታል" ብለው ነው የሚነሱት። እንደኔ ግን የሚያስቅ ግጥም ከሚያስለቅሰው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሐዘን ግጥም ትንሽ ቢያነክስ አድማጩ ችሎ ያልፈዋል። የሳቅ ግጥም አንድ ቃል ከቦታው ከተንሸራተተ ግን ቤቱ ጭር ይላል።

ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ላንሳ። ምሳሌዎቹን ለዚሁ ጽሑፍ ብዬ የገጠምኳቸው ናቸው።

በ"ሽ" ብቻ ቤት መምታት

አማርኛ በዚህ በኩል ቸር ነው። ያገኛችሁት ግስ ላይ "ሽ" ጨምሩበት፤ ቤት ይመታል።

ከልቤ ወደድኩሽ፣ ቀን ከሌት አሰብኩሽ፤
በሕልሜም አየሁሽ፣ መንገድ ላይ ጠበቅኩሽ።

ቤቱ አልተሰበረም። ግን አድማጩ ሁለተኛው ስንኝ ሳያልቅ የሚመጣውን አውቆታል። አስቀድሞ ያወቀው ነገር ደግሞ አያስቀውም። "መጣች፣ ሄደች፣ ሳቀች" እያሉ መደርደርም ያው ነው። እንዲህ ያለው ቤት የሚመታው በቅጥያ ነው፤ ገጣሚው አልደከመበትም። አሁን ይቺን እዩ፦

ሜክሲኮ ሰልፍ ላይ ዓይን ለዓይን ተያየን፤
ወያላው "አንድ ሰው!" ብሎን ተለያየን።

ታክሲ የተሰለፈ ሁሉ ያቺን ጩኸት ያውቃታል። አንድ ወንበር ሲቀር የምትጮኸው ናት። ሁለት ሰዎች ገና ዓይን ለዓይን ተገናኝተው ሳለ አንድ ሰው ብቻ ተጠራ። ቤት የመቱት ቃላት በድምፅ ወንድማማች ናቸው፤ በነገር ግን አንዱ ያገናኛል፣ ሌላው ይለያያል። ሳቁም ቁጭቱም የመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ቤት መምቻ ስትፈልጉ በድምፅ የሚስማሙ፣ በትርጉም የሚጣሉ ቃላት ፈልጉ። ሁልጊዜ አይገኙም። ሲገኙ ግን ግጥሙ ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ነው።

የቃላቱን ተራም ልብ በሉ። ወያላው ከሰልፉ ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ የሚያስቅ ነገር አይኖርም ነበር። የሚያስቀው ቃል ወደ ስንኙ መጨረሻ በተጠጋ ቁጥር ይሻላል።

ከሳቁ በኋላ ማብራራት

ይህ ከሁሉም የባሰው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር አፍቃሪ እንዲህ ይላል እንበል፦

ውሃ መጣ ሲባል ሰፈሩ ታመሰ፤
አንቺ ስትደውዪ ባልዲዬ ፈሰሰ።

አበቃ። ሰሙ፣ ላይ ላዩን የሚሰማው ትርጉም፣ ባልዲው ነው። ሰውዬው ቧንቧውን ከፍቶ ባልዲውን ደቅኗል፤ ስልኩ ሲጠራ ሁሉን ነገር ረሳ፤ ውሃው ሞልቶ ፈሰሰ። ሳምንት ሙሉ ሲጠብቀው የነበረውን ውሃ! ወርቁን፣ ከሥሩ የተደበቀውን ትርጉም፣ አድማጩ ራሱ ያገኘዋል። ሞልቶ የፈሰሰው ባልዲው ብቻ እንዳልሆነ ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልገውም። ብዙ ገጣሚ ግን አድማጩን አያምነውም። ስለዚህ ይቀጥላል፦

ይህ የሆነው ፍቅርሽ ልቤን ስላመሰ።

ይቺ ሦስተኛ ስንኝ ቤት መትታለች፣ ልኳም ልክ ነው። ሁለቱን ግን ገደለቻቸው። አድማጩ ሊያገኘው ሲል ወርቁን ከእጁ ነጠቀችው። የሰምና ወርቅ ደስታ ፍለጋው ላይ ነው። እኛ ቆፍረን ካወጣንለት ምን ቀረው?

አዝማሪዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። ካዛንቺስ በአዝማሪ ቤቶቿ በምትታወቅበት ዘመን ያመሸ ሰው ያስታውሳል። አንዱ ከወንበሩ ሆኖ "ተቀበል!" ይላል። ስንኙን ይሰጣል። አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል፤ ከዚያ ማሲንቆውን ይገዘግዛል። ለምን እንደሚያስቅ አይናገርም። በማሲንቆው ጊዜ ይሰጣል፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ ነገሩ የገባው ይስቃል፤ ያልገባው ጎረቤቱን ይጠይቃል። ያ ጥያቄ ራሱ የጨዋታው አካል ነው።

ግጥማችሁን ጽፋችሁ ስትጨርሱ የመጨረሻዋን ስንኝ በእጃችሁ ሸፍኑና አንብቡት። ያለሷም ከቆመ አውጧት።

ልኩን አለመጠበቅ

ባለ ባልዲውን ግጥም እንዲህ ብጽፈውስ?

ውሃ መጣ ሲባል ሰፈሩ ታመሰ፤
አንቺ ስልክ ስትደውዪልኝ ግን ባልዲዬ ሞልቶ ፈሰሰ።

ትርጉሙ ያው ነው። ሳቁ ግን የለም። የመጀመሪያው ስንኝ በስድስት ስድስት ተከፍሎ የሚሄድ ነው፤ የወል ቤት የምንለው። በሁለት ሐረግ አሥራ ሁለት ቀለም፣ ማለትም ሲነገር የሚቆጠር ድምፅ፣ ይይዛል። ጆሯችን ከልጅነት ጀምሮ ስለለመደው ሁለተኛውም በዚያው ልክ እንዲመጣ ይጠብቃል። ስንኙ ሲረዝም ጆሮ ይደናቀፋል። የተደናቀፈ ጆሮ ደግሞ አይስቅም። አጠር ያለ ከፈለጋችሁ ሰንጎ መገን አለ፤ እሱ በአምስት አምስት ይሄዳል። ለፈጣን ቀልድ ይመቻል።

ስትቆጥሩ በፊደል አትቁጠሩ። በድምፅ ቁጠሩ። "ውሃ መጣ ሲባል" በፊደል ሰባት ነው። ሲነገር ግን የመጨረሻዋ "ል" ከ"ባ" ጋር ተጠግታ ስድስት ይሆናል። ጠረጴዛ በጣት እየመቱ ጮክ ብሎ ማንበብ ይበቃል።

ቤት ሳይመቱ፣ ልክ ሳይጠብቁ መጻፍ መብት ነው። በዚያም የሚያምር ሥራ የሚሠሩ አሉ። ጀምሮ መሐል ላይ መተው ግን ነፃነት ሳይሆን ቸልተኝነት ነው።

ዕቃ መደርደር

"ሽሮዬ፣ ቴሌብሬ፣ ኮንዶሚኒየሜ" እያሉ ፍቅረኛን መጥራት የተለመደ ሆኗል። ጨረቃና ጽጌረዳ ስለሰለቹ የመጣ ነው፤ መሰልቸቱ ትክክል ነው። ግን ጨረቃን አውርዶ በቦታዋ ሽሮ መስቀል የዕለት ኑሮን ወደ ግጥም አያመጣም። የ20/80 ወይም የ40/60 ኮንዶሚኒየም ዕጣ እየጠበቁ ሠርጋቸውን ከዓመት ዓመት ያስተላለፉ ጥንዶች አሉ። እዚያ ውስጥ ግጥም አለ፦ የባንክ ደብተሩ፣ ስም ዝርዝሩ በጋዜጣ ሲወጣ የሚደረገው ፍለጋ፣ "ዘንድሮስ?" የሚሉት እናት። ከዚህ አንዱን መርጣችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩት። አንድ ዕቃ በደንብ ከታየ አሥሩ አያስፈልግም።

ሳቁን የሚወዷት ሴት ላይ ማድረግ

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። "ብር ወዳድ ናት"፣ "ወፍራለች"፣ "ከገጠር መጥታ"፣ "አማርኛዋ ሲሰበር" እያሉ ማሳቅ ቀላል ነው። አዳራሹም ይስቃል። ያ ግን የፍቅር ግጥም አይደለም። ሰው የሚወዳትን ሴት ለሳቅ አሳልፎ አይሰጥም። አንዷ ሴት መሐል ላይ ሳትስቅ ከቀረች፣ የዚያን ምሽት ጭብጨባ ሁሉ ብትሰበስቡት ያንን አይክሰውም።

ሳቁ አፍቃሪው ላይ ይሁን፤ ፍቅር ባደረገው ነገር ላይ። ሰው ሲወድ ግራ ይጋባል፣ ባልዲ ይረሳል፣ ከፌርማታ ያልፋል። ይህ ማንንም አያዋርድም። ፍቅረኛው ዓረብ አገር የምትሠራ አንድ ወጣት አስቡ፦

ኢሞ ላይ ስንሳሳቅ ፊትሽ ደርቆ ቀረ፤
ፓኬጅ እስክገዛ ሳቅሽ ቤቴ አደረ።

በኢሞ የሚነጋገር ሁሉ ያቺን ቅጽበት ያውቃታል። ኢንተርኔቱ ሲያልቅ ምስሉ ባለበት ይደርቃል፤ አፍ ተከፍቶ፣ ዓይን ተጨፍኖ። ያስቃል። ያቺ ልጅ ግን ቤቱ አላደረችም፤ ያደረው ሳቋ ነው። ዱባይ ወይም ቤይሩት ዘመድ ያለው አድማጭ ስቆ ሲያበቃ ዝም ይላል። እኔ የምወደው ይህን ዓይነቱን ሳቅ ነው። ስለ ስደት ስናስቅ ናፍቆቱን ከደበቅን ቀልዱ ውሸት ይሆናል።

የሰሞኑን ወሬ ማሳደድ

አጭር ነው። የዚህ ሳምንት ቪዲዮ፣ የዚህ ወር የአራዳ ቃል በሚቀጥለው ዓመት ማብራሪያ ይፈልጋል። ማብራሪያ የሚፈልግ ቀልድ ምን እንደሚሆን ከላይ አይተናል።

አነባበብ

ጥሩ ግጥም በአነባበብ ይበላሻል። በራስ ሆቴል ለዓመታት በየወሩ ይካሄድ የነበረው ጦቢያ ግጥም በጃዝ አንድ ትልቅ ነገር አስለምዶናል፤ ግጥም ከሙዚቃ ጋር፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ በድምፅ ይሰማል። ከዚያ ወዲህ የብዙዎቻችን ግጥም ለመድረክ የሚጻፍ ሆነ። መድረክ ደግሞ ያስቸኩላል። ገጣሚው ሳቅ ሲሰማ ይሞቀዋል፤ ሳቁ ሳያልቅ ቀጣዩን ስንኝ ይጀምራል፤ ስንኙ በሳቁ ውስጥ ይሰምጣል። ወይም ከአድማጩ ቀድሞ ራሱ ይስቃል። ሁለቱም ያበላሻሉ።

ሐረጉ በሚከፈልበት፣ ስድስተኛው ቀለም ላይ ትንሽ ትንፋሽ ውሰዱ። "አንቺ ስትደውዪ" ብላችሁ ቁሙ። አድማጩ "ምን ሆነ?" እንዲል ጊዜ ስጡት። "ባልዲዬ ፈሰሰ" የምትለውን ረጋ ባለ ድምፅ፣ ሳትጮኹ በሉ። ሳቁ ካልመጣም አትድገሙት። ወደሚቀጥለው ግጥም እለፉ፤ ቤት ስትገቡ ያንን ስንኝ እንደገና በጣታችሁ ቁጠሩት።