የምንሸሸውን ነገር ለመሳል ስንነሳ የምንሠራቸው ስህተቶች

የአንድን ሠዓሊ ደብተር ገለጥ ገለጥ ስታደርጉ ምን መሳል እንደሚወድ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚፈራም ታውቃላችሁ። ሰዎቹ ሁሉ እጃቸውን ኪስ ከተዋል፤ አለዚያም ወደ ኋላ አጣምረዋል። እግራቸው ረጅም ሣር ውስጥ ጠፍቷል። ፊቶቹ በሙሉ ወደ አንድ ጎን ዞረዋል። ከኋላቸው ቤት የለ፣ መንገድ የለ፣ ባዶ ወረቀት ነው። ስትጠይቁት “ስታይሌ ነው” ይላችኋል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሽሽት ነው።

ከዚህ ለመውጣት የሚወስን ሰው ብዙ ነው። ብዙም ሳይቆይ ወደ ለመደው የሚመለሰውም የዚያኑ ያህል ነው። ተሰጥኦ ስለጎደለው አይመስለኝም። አጀማመሩ ላይ ነው የሚበላሸው።

በትልቅ ሥዕል መጀመር

“ዛሬ ፈረስ እስላለሁ” ብሎ በቀጥታ ሸራ ወጥሮ የሚጀምር አለ። ሸራው ውድ ነው፤ ስለዚህ እጅ ይፈራል። መስመር ይሰመራል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይሰመራል። ከሰዓታት በኋላ ያለው አንድ የታሸ ፈረስ ብቻ ነው። የማያውቁትን ነገር ሲጀምሩ የመጀመሪያዎቹ ንድፎች መበላሸታቸው አይቀርም። እንግዲያው በርካሽ ወረቀት ላይ፣ በትንሹ፣ በብዛት ይበላሹ። በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ የሚያልቁ ንድፎችን ሥሩ። ላጲሱን ደግሞ እጃችሁ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት።

ሳያዩ መሳል

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። እስኪ አሁን፣ ምንም ሳታዩ ብስክሌት ሳሉ። ብዙ ሰው ካቴናውን የፊት ጎማ ድረስ ይወስደዋል። ወይም ሁለቱን ጎማዎች በአንድ ቀጥ ያለ ብረት ያያይዛቸዋል። እንዲህ ያለ ብስክሌት መሪው አይዞርም! በየቀኑ የምናየውን ነገር እናውቀዋለን ብለን እናስባለን እንጂ አናውቀውም።

ችሎታም ቢሆን ከዚህ አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1515 ከሕንድ በመርከብ የመጣ አውራሪስ ሊዝበን ገባ። ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብረክት ዱረር እንስሳውን በዓይኑ አላየውም። የደረሰው በጽሑፍ የተገለጸ ወሬና አንድ ንድፍ ነው። በዚያ ተመርኩዞ የሠራው፣ እንጨት ላይ ተቀርጾ የታተመ ሥዕል በጣም ያምራል። ግን ቆዳው እንደ ጦር ልብስ በብረት የተገጣጠመ ይመስላል፤ ትከሻው አካባቢም በሕይወት ያለ አውራሪስ የሌለው ትርፍ ቀንድ በቅሏል። በዘመኑ እጅግ የተዋጣለት እጅ ከነበራቸው ሠዓሊዎች አንዱ ነው እንግዲህ።

ይህ ማለት ከትውስታ አትሳሉ ማለት አይደለም። እንዲያውም መጀመሪያ ከትውስታ ሳሉት። ከዚያ ነገሩን ራሱን ወይም ፎቶውን አጠገቡ አድርጉና አነጻጽሩ። የተሳሳታችሁበት ቦታ ምን ማጥናት እንዳለባችሁ በግልጽ ያሳያችኋል። ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

ፎቶ ስትጠቀሙም አንድ ብቻ አትያዙ። አንድ ፎቶ ብትገለብጡ የምታውቁት ያንን ፎቶ ነው። ከጎን፣ ከፊት፣ ከኋላ እዩት። የስልክ ካሜራ ደግሞ በቅርብ ያለውን ነገር ያገዝፋል፤ ወደ ካሜራው የተዘረጋ እጅ ከሰውየው ፊት በልጦ የሚታየው ለዚህ ነው። ለእጅ ፎቶም አያስፈልግም። ሞዴሉ ክንዳችሁ ጫፍ ላይ ነው፤ በዚያ ላይ ክፍያ አይጠይቅም።

ከጥፍርና ከጋማ መጀመር

ዝርዝር ያጓጓል። ጥፍር፣ የቆዳ መሸብሸብ፣ የፈረስ ጋማ። ግን ከሥር ያለው ቅርጽ ካልቆመ ዝርዝሩ አያድነውም።

የሰው እጅ 27 አጥንቶች አሉት። ሁሉንም መሸምደድ የለባችሁም። መዳፉን እንደ ጠፍጣፋ ሳጥን ሳሉት። የአውራ ጣትን ሥር ለብቻው እንደ ሽብልቅ ጨምሩበት። ከዚያ ጣቶቹን ትከሉ። የጣቶቹ መጋጠሚያዎች በቀጥታ መስመር ላይ አይደሉም፤ ቅስት ይሠራሉ። ሌላው የተለመደ ችግር እጅን ማሳነስ ነው። የመዳፋችሁን ሥር አገጫችሁ ላይ አድርጋችሁ ጣቶቻችሁን ወደ ላይ ዘርጉ። ግንባራችሁ ላይ ይደርሳሉ።

ፈረስ ላይ ደግሞ ሁሉንም የሚያደናግረው የኋላ እግሩ ነው። “ጉልበቱ ወደ ኋላ ታጥፏል” ይባላል። ያ ጉልበት አይደለም፤ ቁርጭምጭሚቱ ነው። ትክክለኛው ጉልበት ከላይ፣ ሆዱ አጠገብ ነው፤ የሚታጠፈውም እንደኛው ወደ ፊት ነው። ፈረስ በእያንዳንዱ እግሩ በአንድ ጣት ጫፍ ነው የሚቆመው። ይህን አንዴ ከተረዳችሁ የውሻም፣ የድመትም፣ የላምም እግር ይገባችኋል።

“አልችልም”ን አለመበተን

“ሕንፃ አይሆንልኝም” የሚል ሰው ችግሩ ሕንፃ ላይሆን ይችላል። ፐርስፔክቲቭ፣ ማለትም ርቀትንና ጥልቀትን ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ የማሳየት ዘዴ ሊሆን ይችላል። ወይም መቶ መስኮት መደርደር ሰልችቶታል፤ ያ ደግሞ የትዕግሥት ጉዳይ ነው። ፐርስፔክቲቭ ከሆነ ከአድማስ መስመር ጀምሩ። መስመሩ ሁልጊዜ በዓይናችሁ ቁመት ልክ ነው፤ ስትቀመጡ አብሯችሁ ይወርዳል። ሜዳ ላይ ቆማችሁ ሰው የበዛበት ቦታ ስትስሉ፣ በቁመት የሚያህሏችሁ ሰዎች ቅርብም ይሁኑ ሩቅ ዓይናቸው እዚያው መስመር ላይ ይውላል። ሕዝብ መሳል የሚፈራ ሰው ይህቺን ብቻ ቢያውቅ ግማሹ ጣጣ ይቀልለታል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጀመርም እዚሁ ይመደባል። እጅ ዛሬ፣ መኪና ነገ፣ ውሃ ከነገ ወዲያ ከሆነ የትኛውም ሥር አይሰድም። አንዱን ያዙና ቆዩበት።

መሣሪያ መጠቀምን እንደ ማጭበርበር ማየት

ቪንሰንት ቫን ጎህ እ.ኤ.አ. በ1880 ሠዓሊ ለመሆን ሲወስን 27 ዓመቱ ነበር። ለተማሪ የተዘጋጁ የሥዕል መልመጃዎችን ደጋግሞ ገልብጧል። በ1882 ደግሞ ርቀትና ምጥጥን ለመለካት የሚረዳ ፍሬም አሠርቷል። በፍሬሙ መሐል በተወጠሩት ክሮች እያየ ይስል ነበር። ስለዚህ ፎቶ ላይ ካሬ ብታሰምሩ ወይም በእርሳስ ጫፍ ብትለኩ ማንም ሊያሳፍራችሁ አይገባም።

እንደ ቅጣት መውሰድ

የምትወዱትን ሁሉ ትታችሁ የምትጠሉትን ብቻ የምትስሉ ከሆነ አይዘልቅም። አቀላቅሉት። ፊት የምትወዱ ከሆነ ጉንጯን በመዳፏ የደገፈች ሴት ሳሉ። ወፍ የምትወዱ ከሆነ ወፏን የሕንፃ ጠርዝ ላይ አስቀምጧት። የምትወዱት ነገር የምትሸሹትን ይጎትተዋል።

ቶሎ መለጠፍ

አዲሱን ሙከራ ወዲያው ሶሻል ሚዲያ ላይ ብትለጥፉት ከድሮው ሥዕላችሁ ያነሰ ላይክ ያገኛል። ያ ደግሞ ወደ ለመዳችሁት ይመልሳችኋል። ለጊዜው ደብተር ውስጥ ይቆይ። ለማሳየት ካማራችሁ ዓይኑን ለምታምኑት አንድ ሰው ብቻ አሳዩ። “እንዴት ነው?” ብላችሁ አትጠይቁት፤ “አሪፍ ነው” ብሎ ይገላገላችኋል። “የትኛው ጣት ነው የተሰበረ የሚመስለው?” በሉት። ወዲያው በጣቱ ይጠቁማችኋል።