ሶላርና ባትሪ ያዋጣኛል ወይ? ሲያሰሉ የሚሠሩ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ሶላር ለማስገባት ላሰበ ሰው፣ ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሳለት የመብራት ሂሳብን ነው። ስህተቱም እዚያው ይጀምራል።

ትርፉን ከመብራት ሂሳብ መጠበቅ። የ1 ኪሎዋት ፓኔል፣ ክረምቱን ከበጋው አቻችለን ስናስበው፣ በቀን 4 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው የሚቆጥረው የኃይል መለኪያ) ያህል ይሰጣል፤ በዓመት 1,460 ማለት ነው። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ለስሌት ያህል በ6 ብር ብንመታው በዓመት 8,760 ብር ይሆናል፤ ያውም የመነጨው ሁሉ ሥራ ላይ ከዋለ። የራስዎን ታሪፍ አስገብተው የፓኔሉን፣ የኢንቨርተሩን (የፓኔሉንና የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ ወደሚሆነው የሚቀይረው መሣሪያ)፣ የባትሪውንና የገጠማውን ድምር በዚህ ያካፍሉት። የሚወጣው የዓመት ብዛት ብዙውን ጊዜ ያስደነግጣል። መስመር ላልደረሰበት ቤት ወይም በጄኔሬተር ለሚሠራ ሱቅ ግን ስሌቱ ይገለበጣል። ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ይጠጣል።

ፓኔልና ባትሪን እንደ አንድ ዕቃ ማየት። ችግርዎ መብራት ለጥቂት ሰዓታት እየሄደ መምጣቱ ብቻ ከሆነ፣ ከመስመሩ የሚሞላ ባትሪና ኢንቨርተር ይበቃዎታል። ፓኔሉ ከርሞ ሊጨመር ይችላል፤ ኢንቨርተሩ የሶላር መግቢያ ያለው ሃይብሪድ ይሁን እንጂ። ይህን የሚነግር ሻጭ ጥቂት ነው፤ ፓኔል ሳይሸጥ ይቀራላ።

ሳይቆጥሩ መግዛት። ለአንድ ወር መብራት የሄደበትንና የመጣበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ይያዙ። ከዚያ ፍጆታውን ይደምሩ፦ ፍሪጅ በቀን 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል፣ 80 ዋት ቴሌቪዥን በ4 ሰዓት 0.32፣ ባለ 9 ዋት ስድስት አምፖል በ5 ሰዓት 0.27፣ ዋይፋይ ቀኑን ሙሉ 0.24። ሁሉም ተደምሮ 2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። መብራቱ የሚጠፋው በቀን 4 ሰዓት ከሆነ ደግሞ ከዚህ ከግማሽ በታች ይበቃል።

እዚህ ድምር ውስጥ ምጣድ የለም፤ ሆን ብለን ነው የተውነው። ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። አንድ ሰዓት ተኩል ከተጋገረበት 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሄዳል፤ ቤት ውስጥ በብዛት የሚገባው የ5.12 ኪሎዋት ሰዓት ሊቲየም ባትሪ በአንድ ጋገራ አለቀ ማለት ነው። ለእንጀራ ሲባል ሲስተሙን እጥፍ ከማድረግ መብራት ባለበት ሰዓት መጋገር ይሻላል።

የኢንቨርተሩን የራሱን ፍጆታ መርሳት። ርካሽ የ5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት 50 ዋት ሊበላ ይችላል። በ24 ሰዓት 1.2 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም አንድ ተጨማሪ ፍሪጅ! ስለዚህ ትልቅ ኢንቨርተር «ለማንኛውም» ብሎ መግዛት ኪሳራ ነው። በጣም ማሳነስም አያዋጣም፦ 150 ዋት የሚል ፍሪጅ ሞተሩ ሲነሳ ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ቢያንስ የ1,000 ዋት፣ ንጹህ ሳይን ዌቭ (እንደ መስመሩ ለስላሳ ሞገድ ያለው ኤሌክትሪክ) የሚያወጣ ኢንቨርተር ይፈልጋል።

ባትሪን በአምፔር ሰዓት ብቻ ማወዳደር። ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት ጄል ባትሪ (የእርሳስ አሲድ ባትሪ ዓይነት) 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግን ከግማሽ በታች ማውረድ የለብንም፤ የቀረን 1.2 ነው። ባለ 12.8 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም 1.28 ይይዝና ከ80 እስከ 90 በመቶውን ይሰጣል። በተግባር እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ጥሩ ሊቲየም ደግሞ 3,000 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲሞላና ሲራገፍ፣ ጄሉ ከዚያ በጣም ቀድሞ ይደክማል። ዋጋውን በሚሰጠው ኪሎዋት ሰዓትና በሚሞላበት ብዛት ያካፍሉት፤ ተለጣፊው ላይ የተጻፈውንም አይመኑ። ሞልተው 100 ዋት ጭነት ይስጡት፦ 200 የሚለው ጄል 10 ሰዓት ሙሉ ሳይቆይ ከጠፋ የተጻፈበት አቅም ግማሹ እንኳ የለውም።

መብራት ሲሄድ አብሮ የሚሄድ ሲስተም። ያለ ባትሪ ከመስመሩ ጋር ብቻ የሚሠራ ኢንቨርተር መብራት ሲጠፋ ፀሐይ እያለ ይቆማል። ብልሽት አይደለም፤ መስመሩን የሚጠግነው ሠራተኛ በኤሌክትሪክ እንዳይያዝ ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው። አንዳንድ ዲጂታል ቆጣሪ ደግሞ ወደ መስመሩ የወጣውን ኃይል እንደተጠቀሙበት አድርጎ ካርድዎ ላይ ይቆርጣል።

ገጠማው ላይ መቆጠብ። ፓኔሎቹ በተከታታይ ከተያያዙ የውኃ ታንከር ጥላ አንዱ ላይ ቢያርፍ የሁሉንም ምርት ሊጎትት ይችላል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ጣሪያውን ይከታተሉ። ለፓኔሉ ተዳፋት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይበቃል፤ ዝናቡም አቧራውን ያጥበዋል። በ12 ቮልት ሲስተም 1,000 ዋት ከ80 አምፔር በላይ ስለሚስብ ቀጭን ገመድ ይግላል፣ ይቀልጣል። ከፓኔሉና ከባትሪው በኩል የሚገባው ብሬከር ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ ለሚፈስ ኤሌክትሪክ የተሠራ) የሚል መሆን አለበት። የግድግዳው ተራ ብሬከር የዲሲን ብልጭታ ማቋረጥ ስለማይችል ቢወርድም ውስጡ መንደዱን ይቀጥላል።